በሰፈራ ካርዱ ላይ ያለችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ለቡ አካባቢ በሚሠራ ፎቅ ጥግ ሳልፍ፣ ዘበኛው ከቆርቆሮው አጥር ሥር የደረደራቸው ባዶ ጠርሙሶች ንፋስ ሲነካቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማሁና ቆምኩ። ፉጨት አይባልም፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ሰው አፉን ገጥሞ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ዘበኛው «ምን ጠፋብሽ እህቴ?» ሲለኝ ጫማዬን እንደማስተካክል ጎንበስ ብዬ ጥቂት ቆየሁ። ያን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ያህል አልሰማሁትም ነበር፤ ጀርባዬ ግን አልረሳውም፣ ልክ እንደ ልጅነቴ ከማጅራቴ እስከ ወገቤ ቀዘቀዘኝ።

እኔ ያደግኩት ጠርሙስ መሃል ነው። እናቴ እታለም ከቆራሌዎች ባዶ ጠርሙስ እየተረከበች፣ የተለጠፈበትን ወረቀት በሙቅ ውሃ እያስለቀቀች፣ ውስጡን በአሸዋ እያጠበች ለአረቄ ነጋዴዎች ትሸጥ ነበር። የተከራየናት አንድ ክፍል ቤት መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበረች፤ ግቢው ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ጠርሙስ ስለሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ አንድ እግር ብቻ በምታስገባ ቀጭን መንገድ እየተጠነቀቀ ይገባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከአልኮል ፋብሪካው በኩል የሞላሰስ ሽታ ይዞ የሚመጣው ንፋስ በደረቁት ጠርሙሶች አፍ ላይ ሲያልፍ ግቢው በሙሉ ማንጎራጎር ይጀምራል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዳንዴም፣ እምላለሁ፣ ስም የሚጠራ ይመስል ነበር። እናቴ ይህን ጊዜ እጇን ከገንዳው ሳታወጣ «ሂጂ ድፊያቸው» ትለኛለች፣ እኔም እየሮጥኩ አንድ በአንድ እደፋቸው ነበር።

አንድ ሕግ ነበራት። ስሜ ሲጠራ ጠሪውን በዓይኔ ሳላይ «አቤት» ማለት ክልክል ነው። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ፣ ጠሪው ሙት ሊሆን ይችላል እያሉ፣ ይህን ለልጆቻቸው ይናገራሉ፤ ልዩነቱ ሌሎቹ ለወጉ ያህል ሲሉት የእኔዋ የምሯን መሆኑ ነው። አንድ ቀን ረስቼ ከቤት ውስጥ «አቤት!» ብዬ ብወጣ ማንም አልጠራኝም ኖሯል፣ በእርጥብ እጇ አፌን ይዛ ወደ ቤት ስትመልሰኝ አስታውሳለሁ።

በክረምት ጠርሙስ ቶሎ አይደርቅም፣ ሥራም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ክረምት የወሬ ጊዜ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቴ ከሳጥኗ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የሰፈራ ካርድ እያወጣች ታሳየኝ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መንግሥት የወሎን ሰው እያነሣ ለም መሬት አለ ወደተባለበት ወደ ምዕራብ ሲወስድ፣ አባቴን፣ እናቴንና እኔን በረሃብተኞች መጠለያ መዝግቦ መተከል አሰፈረን። ካርዱ ላይ የአባቴ ስምና የአውራ ጣቱ አሻራ አለ፤ ከዚያ «የቤተሰብ ብዛት ሦስት» ይላል፤ ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሕፃን ትርንጎ» ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ያነበብኩት የገዛ ስሜን ነው፤ እናቴ ማንበብ ስለማትችል ደጋግሜ እንዳነብላት ታደርገኝ ነበር፣ ሳነብላትም ደስ እንዳላት ወይም እንደከፋት ከፊቷ ለይቼ አላውቅም።

ወደ ሰፈራው ያጓጓዙን በአውሮፕላን ነበርና «እኔ በአውሮፕላን ሄጃለሁ» እያልኩ እጎርር ነበር። በእኛ መንደር የአውሮፕላንን ሆድ ከታች እንጂ ሌላ ነገሩን ያየ ልጅ አልነበረም። ከወላይታ የመጡት ጎረቤቶቻችን ልጅ አስቴር፣ ቤተሰቦቿ ጴንጤ ስለነበሩ፣ «ታዲያ እዚያ ላይ ኢየሱስን አየሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደመና ነበር» አልኳት። በዚህ ምክንያት ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

አባቴ በሰፈራው በሦስተኛው ዓመት በወባ ሞተ። እናቴ እኔን አዝላ፣ ጥጥ በጫነ መኪና ላይ ተለምና ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። ወሬዋ እዚህ ላይ ያልቃል፤ አንዳንድ ነገር ግን በወሬዋ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም ነበር።

እኛ ሁለት ነን፤ እናቴ ግን ዳቦ ስትቆርስ ሦስት ቦታ ትቆርስ ነበር። «ይቺ የማን ናት?» ስላት «የትርንጎ» ትለኛለች። «የኔንማ በላሁ እኮ» ስላት «እሺ» ብላ ሦስተኛዋን ቁራሽ በጨርቅ ሸፍና መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣታለች፣ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የኔቢጤዎች ትሰጣታለች። ሌሎቹ ልጆች ነጭ ለብሰው ሲቆርቡ እኔን አታስቆርበኝም፤ ስጠይቃት «ገና ነሽ» ትለኛለች፣ ከእኔ የሚያንሱት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው እየቆረቡ። የክርስትና እናቴ ማን እንደሆነች ስጠይቃት ደግሞ መልሷ «ወሎ ናት» ነበር። የማይታይ ዘመዳችን ሁሉ ወሎ ነበር።

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ትንሽ ዳቦ ጋግራ፣ ጧፍ ይዛ፣ እኔን ለአስቴር እናት ትታ ወደ አቦ ትሄዳለች። አሥር ዓመት በሞላኝ ኅዳር እንደ ምንም አምልጬ ተከተልኳት። ከዋርካው ሥር ቆሜ ሳዳምጥ የንስሐ አባታችን የሙታንን ስም ከወረቀት ላይ እያነበቡ ነበር፤ የማላውቃቸው ስሞች አለፉ፣ አለፉ፣ ከዚያም «ነፍሰ ወለተ ሚካኤል» ሲሉ እናቴ መሬት ላይ ተደፋች። ወለተ ሚካኤል የእኔ የክርስትና ስም ነው።

በመንገድ ላይ «እማ፣ ስሜን ከሞቱት ጋር ጠሩት» አልኳት። ለምን ተከተልሽኝ ብላ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «ወለተ ሚካኤል የሚባል ሰው መች ጠፋ፣ ብዙ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ግን እጄን የያዘችበት እጅ በላብ ርሶ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ከሰፈራው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎች በአዲስ አበባ ሲያልፉ እኛ ቤት ጎራ ይሉ ነበር። አብዛኞቹ መተከል ላይ ያወቁን ስለሆኑ እኔን እያገላበጡ ስመው «አደገች!» ብለው ያልፋሉ። ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የመጣው አያ ይመር ግን ከመጠለያው ጀምሮ እናቴን የሚያውቅ፣ በኋላ በሌላ መንደር የሰፈረ ሰው ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ እጆቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ሰፋፊ ናቸው። እናቴ ደጅ ላይ በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ማን እንደሞተና ማን እንዳለ ሲጠያየቁ ቆዩና «ትርንጎ! ነይ አያ ይመርን ሳሚው» ብላ ጠራችኝ።

ከጠርሙሶቹ መሃል ወጣሁ። ሰውየው ሊስመኝ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«የቷ ትርንጎ?» አለ።

«ልጄ ናታ» አለች እናቴ።

አያ ይመር እኔን ሳይሆን እጆቹን አየ። ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ትርንጎንማ እኔ ነኝ የቀበርኳት። በነጠላሽ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝ አንቺው አይደለሽም ወይ እታለም?» አለ።

እናቴ አልጮኸችም፣ አልደነገጠችምም። አንድ ጠርሙስ አነሣችና ማጠብ ጀመረች፤ ጠርሙሱ ታጥቦ የደረቀ ነበር። «ያን ሁሉ ሰው ቀብረህ እንዴት አትሳሳት» አለችው። እሱም «ተሳስቼ ይሆናል» አለ፣ የቀረበለትን ውሃ ግን አልጠጣም። በመጠለያው ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ጉድጓድ ይቆፍር የነበረው እሱ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሊሄድ ሲነሣ ወደ እኔ መጣ፣ ያን ሰፊ መዳፉን ግንባሬ ላይ አሳርፎ ዓይኖቼን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና «አፈር አልብሼሽ እንደሆነ ይቅር በዪኝ» አለኝ። መዳፉ በዚያ ፀሐይ ቀዝቃዛ ነበር።

እንግዲህ የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሰምታ ምን ታድርግ? ሌላ ልጅ ብትሆን ሽማግሌው ጃጅቷል ትል ይሆናል፤ እኔ ግን በቀጥታ ሞቻለሁ ወደሚለው ሄድኩ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፤ ሦስተኛዋ ቁራሽ፣ የሙታኑ ወረቀት፣ አለመቁረቤ፣ ሳላይ አቤት እንዳልል መከልከሌ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ጥላዬን አየሁ፤ አለ። መስታወት ላይ ተነፈስኩ፤ ጉም ሠራ። ጉዳዩን በምስጢር ለአስቴር ባማክራት በቁም ነገር አሰበችና «የሞተ ሰው አያስነጥስም» ብላ ከእናቷ ማጀት በርበሬ ቆንጥራ አፍንጫዬ ውስጥ ጨመረችልኝ። ግማሽ ሰዓት አነጠስኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ እፎይ ብዬ ዋልኩ።

ከጥር በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ስም ጥሪ ጭንቅ ሆነብኝ። መምህራችን «ትርንጎ» ስትል ከእኔ ቀድሞ፣ ከኋላዬ ካለው ወንበር፣ ሌላ ሰው «አለሁ» የሚል እየመሰለኝ የማጅራቴ ጠጉር ይቆማል። አንድ ጠዋት ይህ ስሜት ከመበርታቱ የተነሣ አፌ አልከፈት አለኝና ዝም አልኩ። መምህሯ ቀና ሳትል ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። በእረፍት ሰዓት «መምህርት፣ ለምን ቀሪ አላሉኝም?» ብዬ ብጠይቃት «'አለሁ' ብለሻልኮ» አለችኝ። አላልኩም። አስቴር ናት እንዳልል ያን ቀን ታማ ቀርታ ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ወንበርም ባዶ ነበር። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ከመምህሯ መዘናጋት ሌላ ማስረዳትም አልችልም፤ ግን ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ምን እንደተሰማኝ አውቃለሁ።

ሁዳዴ ሲጋመስ አንድ መንገደኛ ከወሎ ደብዳቤ አመጣልን። የሚያነበው ሰው በቤታችን እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እኔም እንደ ክፍል ንባብ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እኔ ይመር ይህን ያስጻፍኩት ህሊናዬ አላስተኛ ቢለኝ ነው። እታለም ሆይ፣ አልተሳሳትኩም። አሁን ያለችው ልጅ የደብሪቱ ናት።»

ቆምኩ። እናቴ «ቀጥዪ» አለችኝ።

«ደብሪቱ አልሞተችም። ከመጠለያው ዳር ጎጆ ቀልሳ፣ ከመተከል የሚመለሰውን ሁሉ መንገድ ላይ እየቆመች ልጄን አያችሁ ወይ ስትል ይኸው ስንት ዓመቷ። እኔንም ጠየቀችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች።»

በነጠላ ሰረዙ ትንሽ፣ በአራት ነጥቡ ብዙ እያረፍኩ፣ እንደተማርኩት እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የራሴን ነገር በራሴ ድምፅ ነበር የሰማሁት።

እናቴ ያን ቀን ነገረችኝ። ሳትሸፋፍን፣ እኔን ሳታይ፣ ጠርሙሶቹን እያየች ተናገረች። ሕዝቡ በሚጫንበት ዕለት ማለዳ የሰባት ወር ልጇ ትርንጎ በእቅፏ ሞተች። ካርዱ ሦስት ነው የሚለው፤ ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው መኪና ላይ ሲወጡ በካርዱ ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩ የጎደለ ቤተሰብ እንደገና ሊመዘገብ ይመለሳል ተብሎ ይወራል፣ እዚያ መጠለያ ውስጥ ሌላ ወረፋ መጠበቅ ደግሞ ለአባቴ ሞት ነበር፤ ቆሞ መሄድ እንኳ አቅቶት ነበር። ልጇን ለይመር ሰጥታ ስትመለስ ከጎናቸው የተጠለለችው ደብሪቱ፣ ባሏ የሞተባት፣ ካርድ የሌላት፣ በበሽታ የደከመች ሴት፣ የራሷን ሕፃን ይዛ መጣች። «ውሰጃት፣ እዚህ ከኔ ጋር ትሞታለች» አለቻት። እናቴም ተቀበለቻት፣ በትርንጎ አንቀልባ አዘለቻት፣ በትርንጎ ስም አስቆጠረቻት።

«ስምሽን ልትነግረኝ ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት» አለች እናቴ። «ስምሽን ካወቅኩ ሰዎቹ ፊት ተሳስቼ እጠራሽና ይይዙናል ብዬ ፈራሁ። ክርስትና ተነሥተሽ እንደሆን እንኳ አልጠየቅኋትም። ያልተነሣሽ እንደሆነ ሳትጠመቂ እንዳላስቆርብሽ፣ የተነሣሽ እንደሆነ ሁለት ጊዜ እንዳላስጠምቅሽ ፈራሁ። ለሷም ሌላ ስም የለኝ፣ ላንቺም ሌላ ስም የለኝ፤ በአንድ ስም ሁለታችሁንም አኖርኳችሁ።»

አለመሞቴ ሲረጋገጥ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ስሟን የወሰድኩባት አንዲት ልጅ አለች፣ በየቀኑ ዳቦዋ እየተቆረሰ፣ ስሟ እየተጠራ አሥር ዓመት ቤታችን ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሴት መጥታ እኔን ትወስዳለች፣ ያኔ እናቴ ከሷ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ይህ ነው የታየኝ። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስንሄድ የቀሚሴን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ትይዝ ጀመር። የሆሳዕና ሰሞን አንድ ጠዋት ሳጥኗንና ብርድ ልብሳችንን አስራ «ቤት እንቀይራለን፣ ወደ ሳሪስ እንሄዳለን» አለችኝ፣ ደስ ብሎኝ ደብተሮቼን በፌስታል ከተትኩ። ጥቂት ቆይታ እቃውን መልሳ ፈታችው። «በዚያ ቀን በፈቃዷ ነው የሰጠችኝ» አለች፤ «አሁን ብሸሽ ግን ሌባ ነኝ።»

ደብሪቱ የመጣችው በግንቦት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ንፋሱ ተነሥቶ ጠርሙሶቹ ማንጎራጎር ጀምረው ነበርና ልደፋቸው ስዞር፣ ድንገት ሁሉም ጸጥ አሉ። ወደ በሩ አየሁ። አንዲት ሴት ቆማለች፤ አትጣራም፣ አታንኳኳም፣ ብቻ ታየኛለች። ከኋላዋ ፀሐይ ስለነበር ፊቷን መለየት አልቻልኩም፤ ያየሁት አቋቋሟን ነው። ግራ እጇን ከወገቧ ኋላ አዙራ የቀኝ ክንዷን ክርን ይዛለች። እኔም በዚያች ሰዓት ልክ እንደዚያ ቆሜ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፣ እናቴ «እንደ ዘበኛ አትቁሚ» እያለች ሁልጊዜ ትቆጣኝ ነበር። ቶሎ ብዬ እጄን ለቀቅኩ። ሴትየዋም ለቀቀች።

እናቴ ከቤት ወጣች፣ አየቻት፣ በዚያች ቀጭን መንገድ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። ደብሪቱ ጎትታ አነሣቻት።

ሦስት ቀን ከኛ ጋር ቆየች። ስትቀመጥ ሥራ የምትፈታ ሴት አልነበረችምና በማግስቱ ከገንዳው ማዶ ተቀምጣ ጠርሙስ ማጠብ ጀመረች፤ እናቴ ታጥባለች፣ እሷ ታለቀልቃለች፣ እኔ እደረድራለሁ። በስሜ አትጠራኝም። የምትፈልገኝ ጊዜ ዞር ብዬ እስካያት ድረስ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች፣ ሳያትም ለመናገር አትቸኩልም። እንጀራ ስትጎርስ፣ ስትስቅ፣ ጆሮዋን ስታክ ራሴን አርጅቼ የማይ ይመስለኝ ስለነበር፣ ዓይኔን ከሷ ላይ ማንሣት እያቃተኝ እዚያው ደግሞ እፈራት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ባለችበት፣ ስፈራው የሰነበትኩትን ጠየቅኋት። «ይዘሽኝ ልትሄጂ ነው?»

ደብሪቱ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀመጠች። «የት ብዬ ልውሰድሽ እናቴ» አለችኝ። «በሁለተኛው ዓመት ከዚያ ያመለጠ ሰው የመተከል ሕፃናት አንድም አልተረፉ ብሎ ነገረኝ። ተዝካርሽን አወጣሁ። በኋላ አግብቼ የወለድኳትን ባንቺ ስም ጠራኋት። ዓለሚቱ እቤት ናት። ተዝካርሽን ካወጣሁ በኋላም መንገደኛ መጠየቄን አልተውኩ፣ አፌ ለምዶት። ላይሽ ነው የመጣሁ። አየሁሽ።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «ያንቺን ልንገርሽ» አለች። «ትርንጎ ያለችው ከደጄ ማዶ ነው። ይመር ለሰፈራ ከመሄዱ በፊት ያረፈችበትን ቦታ አሳይቶኝ ነበር። ጅብ እንዳያወጣት እሾህ አጠርኩባት፣ ጎርፍ እንዳይወስዳት ድንጋይ ከበብኩባት፤ በየክረምቱ አድሰዋለሁ። አንቺ የኔን ስታሳድጊ እኔም ያንቺን አልጣልኳትም።»

እናቴ በሰባ ሰባት አላለቀሰችም ነበር። መኪና ላይ ስትወጣ ሟች ያለባት መስላ እንዳትታይ እንባዋን ዋጠችው፣ በመተከልም ሰዎቹ ሕያው ልጅ አዝላ ስለሚያዩዋት ማልቀስ አትችልም ነበር፣ መካኒሳም እንዲሁ። ያን ቀን ግን ጩኸቷ ከደረቷ ሲወጣ መንደሩ በሙሉ ሰማ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሬት ላይ ስትወድቅና ስትነሣ ጎረቤቶች በሩጫ መጡ፤ የአስቴር እናት እጇ ሊጥ እንደሆነ ደረሰች። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ሲሉ እናቴ «ትርንጎ! ልጄ ትርንጎ!» ትላለች። ሰዎቹ ወደ እኔ አዩ። እኔ ጠርሙሶቹ መሃል ቆሜያለሁ። አንዲት አሮጊት አማተቡ፣ አስቴር ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ የበርበሬው ምርመራ ያሳታት መስሏት ይሆናል።

ደብሪቱ ሁሉንም በአጭሩ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ማንም የጠየቀ የለም። የዕድር ወንበር መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ የንስሐ አባታችን ተጠርተው መጡ፣ የአስቴር አባትም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው አንድ ጥግ ተቀመጡ፤ አሥር ዓመት የዘገየ ለቅሶ በጠርሙስ መሃል ተቀመጠ። ለእንግዶች ውሃ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ ብርጭቆ ስሰጥ እያንዳንዳቸው «ነፍስ ይማር» ይሉኛል፣ ትርንጎን ነው፤ ቀጥለው ደግሞ «እግዚአብሔር ያሳድግሽ» ይሉኛል፣ ትርንጎን ነው። ያን ዕለት ማታ እናቴ ዳቦውን ሁለት ቦታ ቆረሰችው፣ ከዚያ ደብሪቱ እንዳለች ትዝ ሲላት ደንግጣ አንዱን ከፈለችው።

ደብሪቱ በነጋታው ሄደች። ከመሄዷ በፊት የንስሐ አባታችን ዘንድ ቀርባ፣ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና መነሣቴን፣ ስሜም ወለተ ጊዮርጊስ መሆኑን ነገረቻቸው። ክረምት ሳይገባ በዚያ ስም ቆረብኩ። ካርዱ ላይ ያለውን ስም ግን ማንም መልሺ አላለኝም።

አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ በልጅነቴ ጀሞ የጤፍ ማሳ ነበር። እናቴ ደረጃ መውጣት ስለሚያቅታት ብዙ ጊዜ መስኮቱ ጋ ትውላለች። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ልጇን ለማግኘት መንገድ ዳር ቆማ አላፊ አግዳሚ ትጠይቅ ነበር፤ ዛሬ እህቴ ዓለሚቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ፊቷን እያሳየች ታወራናለች፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ እሾሁን የምታድሰው እሷ ናት። ባለፈው ወር ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሥሪ ተብላ መጣች። ሁለት እናቶች፣ ሁለት አባቶች እየጠቀስኩ ስነግራት እርሳስ እያጠፋች «እማዬ፣ ወረቀቱ አልበቃኝም» አለችኝ። ሌላ ወረቀት ሰጠኋት።

በየሁለት ዓመቱ ወሎ ስሄድ ከዚያ የድንጋይ ክብ አጠገብ እቀመጣለሁ። ትርንጎ ስሟን የያዘችው ሰባት ወር ነው፤ እኔ ተማሪ ቤት ወስጄዋለሁ፣ ደመወዝ ፈርሜበታለሁ፣ አግብቼበታለሁ፣ ወልጄበታለሁ፣ አሁን ሽበት እያወጣሁበት ነው። ያኔ ስሜን ልትወስድብኝ ትመጣለች እያልኩ እፈራት ነበር። ዛሬ ብትመጣና «አምጪው» ብትለኝ፣ ይህን ያህል የለበስኩትን ነገር በምን ዓይኔ እያየኋት እመልስላታለሁ ብዬ አፍራለሁ።